በረዶ ላይ ስለተዘረጉት የለቅሶ ወንበሮች ለእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ብርሃነ ሥላሴ
የእድራችን ሊቀመንበር፣ የምድር ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣ ከሰሞኑ ደግሞ የደጃፋችን ጎዳና ባለርስት
ስፖንጋ፣ ስዊድን አገር

ግልባጭ፦ ለእድሩ አባላት በሙሉ፤ እንዲሁም ማስታወቂያ ለሚለጠፍበት የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር

ጤናዎን አብዝቶ እንዲሰጥልኝ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት። ባለፈው እሑድ መንደሩ ሁሉ ሞተዋል ብሎ ያለቀሰልዎ ሰው ስለሆኑ፣ ደብዳቤዬን የሚያነቡት በሕይወት ሆነው መሆኑን ማረጋገጥ ስላለብኝ ነው። ተመስገን፣ ዛሬ ጠዋት በመስኮት ሳይዎ ከመኪናዎ ጣሪያ ላይ በረዶ እየጠረጉ ወደ እኔ መኪና ይጥሉ ነበር። ክንድዎ እንደ ጎረምሳ ነው፣ ከዓይን ያውጣዎ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ ብርቅአየሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እየተቆጣች ነው ያስቆጠረችኝ። እርስዎ የላኩልኝን ወረቀት ግን ማንም ሳያግዘኝ አንብቤ ጨርሻለሁ። በሕይወት ላለ የእድር መሪ በአደባባይ ለቅሶ ተቀምጬ ሰው እንዳስለቀስኩ፣ በጉባኤ ፊት ቆሜ ይቅርታ ካልጠየቅሁዎትም ከእድሩ እንደምሰረዝ ይናገራል። ሚስቱን ለቀበረ፣ ልጅ ለሌለው ሽማግሌ ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሬሳዬን የሚያነሳ፣ አፈር የሚያለብሰኝ ከእናንተ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን የሚያህል ነገር በዚያች ቁራጭ ወረቀት ስላሳጠሩልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ማሳጠር አልችልበትምና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ፦ ቅዳሜ ያ ሁሉ በረዶ ከጣለ በኋላ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጠራጊ መኪና መንገዱን ከፍቶ ክምሩን በሙሉ ወደ እኛ ዳር ገፍቶት እንደሄደ ያስታውሳሉ። እሑድ ጠዋት አካፋዬን ይዤ ወጥቼ፣ ወገቤን እየደገፍኩ፣ አንዲት መኪና የምታቆም ቦታ ቆፈርኩ። እርስዎ በረንዳ ላይ ሆነው፣ እጅዎን ኪስዎ ከተው፣ «አይዞዎት ጋሽ አሳምነው! ጎበዝ!» ብለውኛል። ከዚያ ከፍታ የወረደ ማበረታቻ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ከዚያም እንደ ልማዴ የብርቅአየሁን መቃብር ከበረዶ ልጠርግ ሄድኩ። ስመለስ ቦታዬ ላይ ሁለት ነጭ ወንበሮች በገመድ ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ «ተይዟል» የሚል ወረቀትም በአማርኛና በስዊድንኛ ተለጥፎባቸዋል። በሁለት ቋንቋ ስለተቀማሁ ክብር ተሰምቶኛል። ዞር ብዬ ሳይ ወንበር የተዘረጋበት ቦታ ሦስት ሆኗል። አንደኛው የእርስዎ ነው፤ ሁለተኛው ሱንድቢበሪ ለሚኖረውና ደስ ሲለው ብቅ ለሚለው ልጅዎ ለሮቢ ነው፤ የእኔው ደግሞ ላልታወቀ እንግዳ ተይዟል። ስዊድኖቹ ጎረቤቶቻችን የሃይማኖት በዓላችን መስሏቸው ወንበሮቹን በአክብሮት እየዞሩ አለፉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሲያከብሩን ደግ ናቸው።

፪ኛ፦ ወንበሮቹ የእድሩ ናቸው። የእድሩ ስም ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቁልፉ በእርስዎ እጅ ነው፤ ከምድር ቤት የሚወጡትም ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ይህን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ለልደት ስንለምንዎ «የለቅሶ ወንበር ለደስታ አይወጣም» ብለው ከልክለውናል፤ ለመኪና እንደሚወጣ ግን ያኔ ሳይነግሩን ቀርተዋል።

፫ኛ፦ አሁን ወደ ተከሰስኩበት ልምጣ። መኪናዬን ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ማዶ አቁሜ፣ በብርዱ ምክንያት ጋቢዬን በካፖርቴ ላይ ደርቤ፣ ግግሩ ላይ እየተንሸራተትኩ በእግሬ መጣሁ። ደክሞኝ ደጃፍ ደረስኩ። ወንበር አየሁ፣ ተቀመጥኩ። ወንበር ላይ ከመቀመጥ ሌላ ምን ይደረግበታል? ጫማዬ ውስጥ የገባውን በረዶ ላራግፍ አንገቴን እንደደፋሁ ነው የእድራችን አባል ወይዘሮ ፅጌረዳ ከአውቶቡስ ወርዳ የደረሰችው። በእርስዎ ደጃፍ የእድሩን ወንበሮች አየች፤ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ አየች። የእኛ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፣ መጀመሪያ ያለቅሳል። ዘንቢሏን በረዶው ላይ ጥላ «ወንድሜ ብርሃነ ሥላሴ! ምነው ሳትሰናበተኝ!» እያለች ደረቷን መታች።

እርስዎ ሞተዋል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። አልሞቱም የሚልም አልወጣም። ያኔ ትንፋሼ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ከተመለሰ በኋላም ለቅሶ ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

የእድሩ ሰው ሁሉ ስልክ ተደዋወለ። ለእርስዎ ግን የደወለ የለም፤ ለሞተ ሰው አይደወልም። ቤትዎ ቢንኳኳ የሚከፍት አልተገኘም፤ ለባለቤትዎም ለሮቢም አልተደወለም፣ መርዶ በስልክ አይነገርማ! አንድ ጥሪ ነገሩን ይጨርሰው ነበር፤ ወጋችን ግን አልፈቀደም። ጥቂት ቆይቶ ከአልቢ ድረስ ድስት ታቅፈው የመጡ ሴቶች ደረሱ። ወንዶቹ ገመዱን ፈተው ወንበሮቹን በግድግዳው ጥግ ደረደሩ፤ ሦስቱም ቦታዎች ተከፈቱ፤ የለቀስተኞቹ መኪኖችም ገቡባቸው። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ስዊድናዊት አሮጊት እንኳ ወጥታ በደጃፍዎ የመቃብር ሻማ አበራችልዎ።

ለሮቢ መርዶውን ማን ይንገረው እየተባለ ሽማግሌ ሲመረጥ፣ እርስዎ ከባለቤትዎ ከወይዘሮ ኢየሩሳሌም ጋር ሱንድቢበሪ ከሮቢ ቤት ምሳ በልተው መጡ። ሟቹ መኪና ማቆሚያ እየፈለጉ በራሳቸው ለቅሶ ፊት ሲያልፉ አየን። ዞረውም መጡ። ቦታ አልነበረም። ወይዘሮ ፅጌረዳ ሟቹን ስታይ ጮኸች፤ የመጀመሪያው ጩኸቷ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ እንጉርጉሮ ነበር።

እነሆ ተራ ቁጥሩን ጨርሻለሁ፤ ያልቆጠርኩት አንድ ነገር ግን ይቀራል። ብርቅአየሁ ያረፈች ጊዜ እነዚህን ወንበሮች ከምድር ቤት በትከሻዎ ያወጡት እርስዎ ነበሩ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፣ ላብዎ በግንባርዎ ሲወርድ አይቻለሁ። ከመካከላቸው ደህናውን መርጠው «እዚህ ይቀመጡ ጋሼ» ብለው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። እኔ ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ፤ ቢያገኙት ሰላም ይበሉልኝ። ያኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ባለፈው እሑድ በረዶ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ አገኘሁት።

ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወይዘሮ ፅጌረዳን፣ በከንቱ ላፈሰሰችው እንባ። የአልቢ ሴቶችን፣ ለተሸከሙት ድስት። ስዊድናዊቷን አሮጊት፣ ለሻማዋ። ከእርስዎ ግን የምጠይቀው ይቅርታ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። መሰረዝ ከፈለጉ ይሰርዙኝ። ማን እንደሚሸከመኝ አላውቅም፤ የምገባበትን ግን አውቃለሁ። ከብርቅአየሁ አጠገብ የእኔ ቦታ አለ። ወንበር አልተቀመጠበትም፣ ገመድ አልታሰረበትም፣ ወረቀትም አልተለጠፈበትም። ይህን ያህል በረዶ ሲጥልበት ማንም አልወሰደብኝም።

በጎዳናዎ ዳር በትሕትና እየተንሸራተትኩ የማልፍ፣ ለቅሶዎ ላይ ከሁሉ ቀድሜ የተቀመጥኩ፣ ለሁለተኛው ለቅሶዎም ዕድሜ ከሰጠኝ የማልቀር ጎረቤትዎ፣

አሳምነው ዕንባቆም

ማሳሰቢያ፦ ነገ ደግሞ በረዶ ይጥላል ተብሏል። ወንበሮቹን አጥቤ በምድር ቤቱ በር ላይ ደርድሬአቸዋለሁ፤ የተሰበረውን ቤቴ ወስጄ እየጠገንኩት ነው። አካፋዬንም በደጃፍዎ አቁሜልዎታለሁ። ይዘውት ስለማያውቁ ልንገርዎ፣ የሚያዘው በእንጨቱ በኩል ነው።