ጸጥታው ላይ ያጨበጨበችው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ዋልኩ። ሦስት የስፌት መኪና ጠገንኩ። አንደኛዋ መርፌዋ ተጣሟል። ሁለተኛዋ ዘይት ጠምቷታል። ሦስተኛዋ ምንም አልሆነችም፤ ገመዷ አልተሰካም ነበር። ልብስ ሰፊው እንዳያፍር ብዬ ጆሮዬን ከመኪናዋ ላይ ለጥፌ ትንሽ አዳመጥኳት። ከዚያ በእግሬ ሶኬቱን ገፋ አድርጌ "ከባድ ሕመም ነበር፣ ግን ተርፋለች" አልኩት። መረቀኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ብቻ ሲስቁ ሳቁ ቶሎ ያልቃል...

ከሰዓት ቁንጫ ደወለች። የእህቴ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት፣ አሁንም ለእኔ ቁንጫ ናት። በስሟ የምጠራት ስቆጣ ብቻ ነው፤ ስለማልቆጣም ስሟን ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ሁለት ትኬት ገዝታለች። የባንዱ ሰዎች ሊመጡ ነው። በአካል። አርባ ዓመት በካሴት ብቻ የማውቃቸው ሰዎች።

ሌላም ወሬ ነበራት። በሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች፤ ኅዳር 2 ትሄዳለች። "እንግዲህ ዳቦዬን ማን ይሰርቀኛል?" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ይህን በር በሳምንት አንድ ቀን የሚያንኳኳው የእሷ እጅ ብቻ እንደሆነ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የካሴት ወዳጄ መምህሩ እንቅልፍ አጥቷል። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሙዚቃ አይሰማም፣ ይቆጥራል። በስልክ ያለን የባንዱ አፍቃሪዎች ቡድን ውስጥ አርባ ሦስት ሰዎች ነን፤ ሳምንቱን ሙሉ የምንጨቃጨቀው በአንድ ጥያቄ ነው። ረጅሙን ዘፈን ይጫወቱታል ወይስ አይጫወቱትም?

ረጅሙ ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል ዓይነቱ፤ እየተቀያየረ የሚረዝም ሙዚቃ ነው። እህቴ ግን "መውጫ የሌለው ሮክ" ትለዋለች፤ ሲጀመር ሽንኩርት መክተፍ ብትጀምር ሲያልቅ በልታ ዕቃ አጥባለች። እኔ ማዳመጡን እንደ ጥገናው ነው የተማርኩት፤ ያለ አስተማሪ፣ እየፈታሁ፣ ካሴት እየበጠስኩ።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። አሥራ አንድ ሰከንድ ጸጥታ። ከዚያ ኦርጋኑ ከሩቅ ይመለስና ዘጠኝ ደቂቃ ይቀጥላል። የማያውቅ ሰው ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል። የሚያውቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል። እርስ በርስ የምንተዋወቀው በዚህ ነው። ቁንጫ በሰባት ዓመቷ ታውቀው ነበር፤ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ በጣቶቿ እየቆጠረች፣ አሥራ አንድ ስትደርስ የሱሪዬን ጫፍ ትጎትታለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ከኮንሰርቱ መመለሴ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው የጀመረው። "ሽማግሌዎች ስለሆኑ በጊዜ ይተኛሉ" አለ መምህሩ፣ ራሱ ወገቡን ይዞ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ስምንት መቶ ሰው ይሆናል፤ አብዛኛው ሸብቷል። ቁንጫ ቢጫ ሹራቧን ለብሳ ከጎኔ።

ሰዎቹ ወጡ። ከበሮ መቺው ወገቡ ላይ ትራስ ደግፏል። ኦርጋን ተጫዋቹ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ድምፃዊው ከፍ የሚለውን ቦታ ሁሉ ለሕዝቡ ተወው፤ ሕዝቡም አልደረሰበትም። ቢሆንም ደስ ይል ነበር... በጣም ደስ ይል ነበር።

መጨረሻ ላይ ረጅሙን ጀመሩት። አዳራሹ ተነፈሰ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ደረሰ። ጸጥ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

አምስት ላይ ጭብጨባ ሰማሁ። ከጎኔ። ቁንጫ!

በድንጋጤ ሁለት እጇን ጨብጬ ያዝኩ። "ጋሼ፣ ጨር..." አለች። በስሟ ጠራኋት። "ዝም በይ፣ ገና ነው" አልኳት። ድምፄ ሻካራ ነበር።

አሥራ አንድ ሞላ። ኦርጋኑ የለም። ሃያ። ሠላሳ። እያስረዘሙት ነው፣ ጎሽ፣ ብዬ ቆጠርኩ። ስድሳ ላይ ዓይኔን ገለጥኩ።

አምስቱም ተሰልፈው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ድምፃዊው ማይክራፎኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦታል። ስምንት መቶ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ከበሮ መቺው እጁን ለሰላምታ አነሳና መልሶ አወረደው። ተከታትለው ወጡ። መብራት በራ።

እዚያ ላይ ጨርሰውት ነበር። እሷ እያየች ነበር። እኛ የቆየውን ካሴት እየሰማን ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ትናንት በር ላይ የነበረውን ልጻፈው። አንዱ ትኬቱን ቀዶ "አጭበረበሩን" ይላል። ከቡድናችን ነርሷ እንባዋን እየጠረገች በዚያ ዕድሜ ሁለት ሰዓት መቆም በራሱ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጮኸች። መምህሩ ዘጠኝ ደቂቃ እንደጎደለብን ለሁሉም እየዞረ አስታወቀ። አንድ ጎረምሳ ከካሴቱ ይበልጣል ብሎ ተናገረና ሊደበደብ ምንም አልቀረውም። አንዳንዱ ለባዶው መድረክ ያጨበጭብ ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቁንጫ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ስትሳፈር "እጄን አሳመምከኝ" አለች። "የጠጋኝ እጅ ነው፣ ክፍያ አልጠይቅሽም" አልኳት። አልሳቀችም።

ዛሬ ቡድኑ ውስጥ ሁሉም ሽንጡን ገትሮ ይሰዳደባል። የሃያ ዓመት ወዳጆች ተቆራረጡ። ላስቃቸው ፈለግሁ። ይህን ጻፍኩ፦ "ሰዎቹ ሊቀጥሉ ነበር። አንዲት ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ስታጨበጭብ ያለቀ መሰላቸውና ቤታቸው ሄዱ። በዚያ ዕድሜ ሰው የነገሩትን ያምናል።"

ሠላሳ ስምንት ሰው ሳቀ። ጸቡ በረደ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ... እጇን የያዝኩት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩም። ቀልዱን ያበላሸዋል አልኩ። ቀልዱን ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ቀልዴ ከቤት ወጥቶ ጠፍቷል። አንዱ ወስዶ ሌላ ቦታ ለጠፈው፤ እዚያ ደግሞ "በዚያ ዕድሜ" የምትለዋ መጨረሻ የለችም። እንደ ወሬ ተነበበ። አሁን ሰው ሁሉ በቢጫ ሹራቧ ተናዷል። ኮንሰርቱን ያቋረጠችው እሷ ናት ተብሏል። ቪዲዮም ተገኝቷል፤ ፊቷ ይታያል። "ደንቆሮ።" "እንዲህ ያለችውን ማን አስገባት?" ከዚህ የባሰም አለ፤ አልገለብጠውም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ይህን ተረት ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ተርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ሬዲዮ ተከፍቷል። ኦርጋን ተጫዋቹን ይጠይቁታል። የመኪናዋን ጎማ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

የድምፃዊው ሳንባ ከዚያ በኋላ ያለውን አይችለውም አለ። ሰው ከሚያዝንልን እዚያው ላይ ጨርሰን እጅ እንንሳ ብለን ተመካከርን አለ። ከዚያ፣ "ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ጀምሮልን ነበር፣ ወዲያው ተወው። ምን አጠፋን እያልን ነው ያደርነው።"

ልብስ ሰፊው ምን ሆንክ አለኝ። መኪናዋ ታማለች አልኩት። ጤነኛ ነበረች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

እህቴ ቤት ሄድኩ። ለቁንጫ ልነግራት ነበር የሄድኩት። በመንገድ ላይ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቻለሁ፤ ስድስት ቃል ነው።

ቁንጫ ዕቃ ታሽጋለች። ስልኳን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ጥላዋለች። እህቴ በጆሮዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም አለችኝ። ሻንጣው ላይ ተቀምጬ አልዘጋ ያለውን ዚፕ ገጠምኩላት። የምትሄጂበት ከተማ ሰው ቁንጫ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ ወይ ምናምን አልኩ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ለእኔ ብላ።

ከዚያ ቀጥ ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ያንን መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ ሰምተሃል? ከእናንተ ሰዎች ነው ይላሉ።"

"ስንት ባለጌ አለ መሰለሽ" አልኳት።

ይኸው ነው። ስድስት ቃል ይዤ ሄጄ አራት ቃል ተናግሬ መጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ሄደች። ሥራ አለኝ ብዬ አልሸኘኋትም። ሥራ አልነበረኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ጻፍኩት። ቡድኑ ውስጥም፣ ስድቡ ያለበት ቦታም። አራት ጊዜ ደመሰስኩት፤ በየጊዜው አንድ ቀልድ እየገባብኝ። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦

"ያጨበጨበችው የእህቴ ልጅ ናት። ሰዎቹ መጨረሳቸውን ከሁላችንም በፊት ያየችው እሷ ናት። እጇን ይዤ ያስቆምኳት እኔ ነኝ። የሐሰቱንም ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስድቡ የእኔ ነው፣ ወደ እኔ መልሱት።" ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

መለሱት። ሳይቆጥቡ።

የነርሷ ብቻ ለስለስ ይላል። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር፣ በአንተ ብቻ አይፈረድም ብላለች። መምህሩ ግን እዚያ አልጻፈም፤ ቤቴ ድረስ መጣ። አልገባም፣ በር ላይ ቆመ። እሱም በገዛ እጁ አንድ ነገር ጽፎባት ነበር ለካ። "ሃያ ዓመት አስተማሪ ነኝ። ልጅ ሰድቤ አላውቅም። በአንተ ምክንያት ሰደብኩ" አለ። ይቅርታ አልኩት። ሰማሁ አለና ሄደ። እሱ ነው ቡድኑን የሚመራው፤ ከሰዓት ስከፍተው ከውስጡ አውጥቶኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሁለት መኪና። ሁለቱም ቀላል። ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ከሰላምታ በቀር። ካሴቱንም አልከፈትኩትም። ለቁንጫ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ቁንጫ ደርሳለች፣ ደህና ናት አለችኝ እህቴ። ከዚያ በላይ አልጨመረችም። እህቴ ወሬ ስታሳጥር ነገሩ ረጅም ነው...

እሑድ፣ ኅዳር 15

ደወለች።

"አነበብኩት" አለች። ሰላምታ የለም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ጥሩ ጽፈኸዋል። ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚነገረው። የተሰደብኩት እኔ ነኝ እኮ። አንተ ለስምንት መቶ ሰው ነገርክና እኔ ከሰው ሰማሁ።"

"እውነትሽን ነው" አልኩ። ሁለት ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ዋጥኳቸው።

"ዕቃ ሳሽግ ስጠይቅህ ለምን ዋሸኸኝ?"

"ፈራሁ። የምትሄጂው ተቀይመሽኝ ከሆነ ከዚያ በኋላ አትደውይልኝም ብዬ።"

"ዋሽተኸኝስ መች ደወልኩ?"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ ለይምሰል የምትናገር ልጅ አይደለችም። ስልኩንም አልዘጋችውም። እንዴት ነህ አለችኝ። ለዚህች ጥያቄ ዘመኔን ሁሉ የምሰጣት መልስ አለችኝ፤ እንደ አሮጌ መኪና ነኝ፣ ዘይት ካገኘሁ እሠራለሁ። ዛሬ አልወጣ አለችኝ።

"ብቸኛ ነኝ" አልኳት።

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ይመስለኛል አልኩ፤ አንቺ ስትመጪ እየረሳሁት ነው እንጂ። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ማልቀስ እንደ ጥገናው ያለ አስተማሪ አልሆነልኝም።

ከዚያ ስለ አዲሱ ክፍሏ ነገረችኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ወደ ግድግዳ ያያል። ከሥራ ስትመለስ የምታናግረው ሰው የለም። በሩም አልገጥም ብሏታል፤ ወንበር እያስደገፈች ነው የምትተኛው። ድሮ ቢሆን ስለ ቁንጫና ስለ በር ስንቱን እፈበርክ ነበር።

"የሚነካው ከላይ ነው ከታች?" አልኳት።

"ከላይ። ከመያዣው በኩል።"

"ማጠፊያውስ ላልቷል?"

"ቆይ ልየው" አለች። ስትራመድ ይሰማኛል። በሩን ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። "አልላላም። እንጨቱ ነው ያበጠው።"

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ና አላለችኝም። ልምጣ ብዬ ጠየቅኋት፣ "አድራሻውን ጻፍ" አለችኝ። የሰፈራችን አናጢ የእንጨት መላጊያውን አውሶኛል። ሁለት ሚሊ ቢነሳለት ይበቃዋል።