አባባ «ቁረጠው» ሲል

ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ ለአሳምነው ንጉሡ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? እህል ይወርድልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ከሐዘናችን በቀር አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ቀና ማለት ጀምራለች። በስልክ እንዳልነግርህ ሦስት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። የምታደርስልህ የጎረቤታችን የሀጀራ ልጅ ሀያት ናት። ሳታነበው ትቀድና ታላቅህ መሆኔን ሪያድ ድረስ መጥቼ አሳይሃለሁ!

አጎታችን አራጋው ምን እንዳለህ አውቃለሁ። አባባ ነፍሱ ስትወጣ «አሳምነውን ቁረጠው በሉት» ብሏል፤ ደሜን ይመልስልኝ ማለቱ ነው ብሎሃል። አንተም ለአርባው እመጣለሁ፣ ገዳዩ ገበየሁ እስር ቤት ቢሆን ልጁ ደጅ ነው ብለሃል አሉ። ቃሉን አባባ ብሎታል፣ አልክድም። በእርጥብ ጨርቅ ከንፈሩን አረጥብለት ስለነበር ከአጎቴ ይልቅ እኔ ነበርኩ ቅርብ። ግን እስቲ ስማኝ፤ አባባ ማን እንደነበር ረሳኸው እንዴ?

ሠላሳ አንድ ዓመት አዲስ አበባ እሳት አደጋ የሠራ ሰው ነው። ለዓመት በዓል ሲመጣ ሁሌ አንድ አዲስ ጠባሳ ይዞ ነበር የሚመጣው። የቀለም መጋዘን ፈንድቶ ባልደረባው አጠገቡ ሲነድ፣ ጎትቶ ላውጣው ብሎ ክንዱን ቢይዘው የሰውየው ቆዳ ተገፎ እጁ ላይ ቀረ። ይህን አንዴ ነግሮን ወደ ጓሮ ወጥቶ አስመለሰው። ያን ቀን ውሃ አልቆባቸው ነበር። ውሃ ሲያልቅ የሚደረገውንም ያኔ ነው የነገረን። ገና ያልተያያዘውን ቀጣዩን ቤት ታፈርሳለህ፣ እሳቱም የሚሄድበት ያጣል። ለዚህ የሚሰጡት ትእዛዝ «ቁረጠው!» ነው።

ጡረታ ሲወጣ ቃሉን ይዞት ቤት ገባ። እኔና አንተ ስንሰዳደብ «ቁረጠው!» ነው። እማዬ ሰው ማማት ስትጀምር «እናኑ፣ ቁረጪው!» ነው። በድንበር ጉዳይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ዱላ የተማዘዝክ ዕለትስ? አባባ ባዶ እጁን መሀላችሁ ገባና ያንተ ዱላ ክንዱን ለሁለት ሰበረው። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጥቶ፣ ደሙ እግርህ ላይ እየፈሰሰ፣ ምን ብሎ ነበር የጮኸብህ? በል አንተው መልስ።

አሁን የካቲት ሃያ ስምንት የሆነውን ልንገርህ። አጎቴ እዚያ አልነበረም፤ ከደጎሎ የመጣው ማታ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ነፋሱም ሰው ይጥላል። በጀሪካን ቤንዚን ከሚሸጥበት ሱቅ እሳት ተነሣና አምስት ቤት ባንዴ ዋጠ። የጣሪያው ቆርቆሮ እየተገነጠለ ሰው ላይ ይወርዳል፤ አንድ በሬ ጀርባው እየነደደ ገበያተኛውን ረጋግጦ አለፈ። ቀጥሎ የገበየሁ ቤት ነው፤ ከገበየሁ ቀጥሎ የሀጀራ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ከአልጋ የማይነሡት እናቷ እማማ አሚራ አሉ። ጭሱ ማንንም አላስገባ አለ። አባባ ጋቢውን ውሃ ነክሮ ፊቱን ጠመጠመ፤ ምሳር አነሣና ማንንም ሳያስፈቅድ የገበየሁን በር ገነደሰ። እንደ አዲስ አበባ መስሎት! የደንብ ልብስ የለበሰው አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ግን ፊቱን የሸፈነ ሰው ነው።

የሀጀራ ወንድም ሁዜይፋ ሌላ ምሳር ይዞ ማገሩን ይመታል፤ አባባ «ቁረጠው! ቁረጠው!» እያለ ያዘዋል። ገበየሁ ከገበያ እየሮጠ ሲደርስ በሩ መሬት ላይ ነው፣ ሚስቱ ወጥታ ከጭሱ ወዲያ ኡኡ ትላለች፣ ፊቱን የጠመጠመ ሰው ምሳር ይዞ «ቁረጠው!» ይላል። ሽፍታ ቤተሰቤን እያረደብኝ ነው ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ዱላውን አናቱ ላይ አሳረፈው። ድምፁን እኔ ከመንገድ ማዶ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አባባ ወደቀ። ደሙ ዓይኑን ሞልቶት በጉልበቱ ተነሣና ለሁዜይፋ በጣቱ ማገሩን አሳየው። ሁዜይፋ መታው፣ ጣሪያው ተደረመሰ፣ እሳቱም እዚያው ቆመ። ገበየሁ ጋቢውን ገልጦ የአባባን ፊት ሲያይ ዱላውን እሳቱ ውስጥ ወረወረና የራሱን ፊት በድንጋይ ይቀጠቅጥ ጀመር። በእግሩ ሄዶ እጁን የሰጠው ራሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ውስጥ አጎቴ ራስጌው ቆሞ ገበየሁን ካልገደልኩ እያለ ሲምል አባባ ዓይኑን ገለጠ። የአጎቴን እጅጌ ጨምድዶ ያዘና ያንን ቃል ተናግሮ አረፈ።

ውሸት አልነግርህም፣ እኔም መጀመሪያ እንደ አጎቴ ነው የሰማሁት። ሰባት ቀን ሙሉ የገበየሁን ደም እንደ ውሃ ጠማኝ፤ ልጁን መንገድ ላይ አግኝቼ ድንጋይ አንሥቻለሁ። በኋላ ሀጀራ መጥታ ሁዜይፋ እያንዳንዱን ማገር ሲመታ አባባ ምን ይል እንደነበር ስትነግረኝ ነው የገባኝ። አሳምነው፣ ለእሳቱ ያለውን ነው ላንተም ያለው! ገበየሁ ያንን ቃል አጣሞ ሰምቶ አባታችንን ገደለ። አሁን ደግሞ አንተ አጣመህ ሰምተህ ልጁን ልትገድል ነው።

የደም አስታራቂዎቹ አበጋሮች በአርባው ማግስት ይቀመጣሉ። ካህኑም ሼኹም አሉበት። የሟች ወንድ ልጅ ቃል ካልሰጠ እርቅ የለም ብለዋል። አጎቴ ክላሹን እየወለወለ የሚጠብቀው ያንተን አፍ ነው። እባክህ ደውልለት። አባባ ያለውን ቃል አትቀንስ፣ አትጨምር፣ ብቻ እንደ አባባ በለው።

እማዬ ዓይንህን ሳላይ አልሙት፣ ግን በካቴና አልየው ብላሃለች። ሁዜይፋ ሰላም ብሎሃል፤ የተቃጠለ እጁ እየዳነ ነው። ሀጀራ አላህ ይጠብቀው ትላለች። የገበየሁ ሚስት ስምህን መጥራት ስለፈራች ደጃችን ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ ያንን ሰላምታ ካልከው ተቀበል። እማማ አሚራም ከአልጋቸው ሆነው አስጠርተውኝ ነበር። ለንጉሡ ልጅ ጻፊለት፣ አሁንም እተነፍሳለሁ በይው ብለውኛል።

እህትህ ሰብሌ ንጉሡ
መካነ ሰላም፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.