የድንቡሼ ሳል

ኅዳር 3

ድንቡሼ የስፌት ማሽኑ ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ዋለች። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ መርፌ ከወደቀ ግን ከእኔ ቀድማ ታገኘዋለች። ቀኑን ሙሉ "ተይ! አስቀምጪ!" ስል ዋልኩ። የምሰፋው የሙሽራ ቀሚስ ገና እጅጌ የለውም።

እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ትናንት በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ባሏ አጠገቧ ነው። ሳምንት ልጅ መያዝ ምን ያቅተኛል?

አፍንጫዋ ፈሰስ ፈሰስ ይላል። ጉንፋን ይሆናል።

ኅዳር 4

ድምጿ ጠፋ። "አቴ" ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው... አየር ብቻ ይወጣል። ሲመሽ ሳል ጀመራት። የልጅ ሳል አይደለም፤ ውሻ ሲጮህ ነው የሚመስለው። አየር ስትስብ ጉሮሮዋ ሲጥ ይላል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

እህቴ ደወለች።

"እትዬ፣ ልጄ እንዴት ናት?"

"ተኝታለች።"

ያኔውኑ ድንቡሼ ሳለች።

"ውሻ አስገባሽ እንዴ?"

"የጎረቤት ነው።"

ሳቀች፤ የሆዷ ስፌት አመማትና ተወችው። ምን ልበላት? ቁስሏን ይዛ ትሩጥ?

ስልኩን እንደዘጋሁ ልጅቷን አቅፌ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ልጅ ነው። "ክሩፕ ይባላል" አለ። የመተንፈሻ ቱቦዋ አብጦ ጠቧል። ሽሮፕ አጠጣት፣ ትንሽ አቆየን፣ ወደ ቤት ሰደደን።

"ማታ ማታ ሊብስባት ይችላል። አያስለቅሷት፤ ካለቀሰች ትንፋሽ ያጥራታል። ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ለሃጯን መዋጥ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጧት።"

አያስለቅሷት... ይህን ቀኑን ሙሉ ስቆጣት ለምውል ለእኔ ነው የሚለው?

ኅዳር 5

መቀሱንና መርፌውን ደብቄ ሌላውን ሁሉ ለቀቅኩላት። ክር ተረተረች። አልተቆጣኋትም። ሙሽራዋ ልትለካ ስትመጣ ዓይነ ርግቧን ሕፃኗ ራስ ላይ ተጠምጥሞ አገኘችው። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ድንቡሼ ሳለች። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ።

"ቀሚሱ ይቅር። እከራያለሁ።"

"አደርሰዋለሁ።"

"በዚህ እጅሽ?"

እጄን አየሁት። ድንቡሼን አቅፏል፤ ቀሚሱ ቀረ።

ኅዳር 6

ሌሊቱን ደረቴ ላይ ደግፌ ተቀመጥኩ። ሲጥታው በረታ። ልብሷን ገለጥኩ... አንገቷ ሥር ያለችው ጉድጓድ በትንፋሿ ቁጥር ትሰረጉዳለች። ወይስ ፍርሃቴ ነው? መብራቱን አቀረብኩ። ትሰረጉዳለች።

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወጣሁ። ታክሲ እስኪመጣ ደጅ ላይ ቆምኩ። የሰው አደራ ናት። በእኔ እጅ አይሁን፣ በእኔ እጅ ብቻ... ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

መኪና ውስጥ ሾፌሩ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል "ተወው፣ ቀዝቃዛው አየር ሳያቀልላት አይቀርም" አልኩት። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ፤ እስክንደርስ ቃል አልተናገረም።

ክሊኒክ በጭምብል መድኃኒት አስተነፈሷት። እኔም አብሬ ስተነፍስ ነበር መሰለኝ፣ ነርሷ "አንቺም አረፍ በይ" አለችኝ። ሲነጋ ሲጥታው ቀረ። እንቅልፍ ወሰዳት፣ ጣቴን እንደያዘች።

ከዚያ ለእህቴ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት።

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"እንዳትሮጪ።"

"አንቺስ? አንቺስ ማን ነበረሽ?"

ሁለታችንም አለቀስን።

ኅዳር 8

ድምጿ ተመለሰ። ጠዋት የመጀመሪያው ቃሏ "እምቢ" ነው። እንደዚያ ደስ ያለኝ እምቢታ አላውቅም።

ኅዳር 11

እህቴ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገባች። ድንቡሼን አስረከብኩ። ወደ ቤቴ ልሂድ ስል "እደሪ" አለችኝ፤ አደርኩ። ማታ ሁሉም ተኝቶ አራሱ ሕፃን አስነጠሰ። ሳላስበው ከአልጋ ወርጄ ቆሜያለሁ።

"ማስነጠስ ነው፣ እትዬ" አለችኝ እህቴ በጨለማ፣ "ተኚ።"

ተኛሁ። ጆሮዬ ግን አልተኛም።