ፊቴ የከፈተው የእህቴ በር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለታይዎ። ቀድመሽ ስለተወለድሽ መንግሥት አንቺን ታላቅ ብሎ መዝግቦሽ ይሆናል። እኔ ግን ዓለሙን ቀምሰሽ ወሬውን እንድትነግሪኝ አስቀድሜ የላኩሽ መንታሽ ኬሂንዴ ነኝና፣ በአገራችን ወግ ታላቅሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ አዝሻለሁ፤ ቁጭ በይ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ።

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ይስማማሻል? ዛሬ ምን ነካት፣ እንደ ሐኪም ትጠይቀኛለች እንዳትይ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። ባልሽ ኤቲምስ ደህና ነው? ተማሪዎቹ አሁንም ድምፁ እስኪዘጋ ያስጮኹታል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደምታውቂው ነው፣ ምንም አላለውም። ዝናቡ በጊዜው ገብቶልናል፤ የተከልነው ሥራሥር፣ የያሙ ሐረግ እንጨቱን እየተጠመጠመ ወጥቷል።

ስልክ እያላት ምን ወረቀት አስያዛት ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ የጻፍኩትን ማን ከፍቶ እንደሚያነበው ከእንግዲህ እርግጠኛ አይደለሁም። የያም ዱቄት ጭኖ ወደ እናንተ ወደ ካላባር የሚወርድ ሾፌር ስለተገኘ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ካሳቫ ስልጥ ቢላው አመለጠኝና መዳፌን ቆረጠኝ። ብዙም አይደለም፣ አትደንግጪ፤ አሁን ድኗል። መርፌ ልወጋ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሮ ካርድ ክፍል የነበሩት ሽማግሌ ትዝ ይሉሻል? ሰው ሲገባ ከሰላምታም በፊት “ማንኛዋ ነሽ?” ነበር የሚሉት። መንታ ያልገባበት ቤት በሌለበት ከተማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡና በቦታቸው ታብሌት ተቀመጠ። ካርድ አምጡ የለም፣ ስም ማን ነው የለም፤ ፊትሽን ታሳያለሽ፣ መንግሥት ያውቅሻል። አንዱ መታወቂያ ያሉት ይሄው ነው፤ ባንኩም፣ ስልኩም፣ መሬቱም፣ ሐኪም ቤቱም በአንድ በር ሆነዋል። ነርሷ ደግሞ ከሌጎስ የመጣች ልጅ ናት፤ ስለ መንታ የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ፊቴን አሳየሁ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። ልጅቷ አነበበችና፣ “እንዴ እህቴ! አራተኛ ወርሽን ይዘሽ ነው እንዲህ ዝም ያልሽው? እርጉዝ መሆንሽን መጀመሪያ አትነግሪኝም?” አለች። ያውም ድምጿ፣ ማይክ የዋጠች ነው የምትመስለው።

አግዳሚው ላይ የነበረው ሴት ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከመካከላቸው ማን ብትኖር ጥሩ ነው? የሞሬኒኬ እናት! በወሩ መጨረሻ ልንጋባ ቀን የቆረጥነው የእጮኛዬ የአዲጉን አክስት! እኔም ምን እያለች ነው ብዬ ወደ ታብሌቱ ሳጎነብስ ስሙን አየሁት፤ ታይዎ ይላል። የሚከታተልሽም ሐኪም ቤት ካላባር።

“ኧረ መንታዬ ናት!” ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በአንድ ቃል እገላገል ነበር። ግን ያለፈው እርግዝናሽ ትዝ አለኝ። ገና ሳይገፋ አገር ሰምቶት፣ ስም ሳይቀር ሲያወጡለት ሰንብተው፣ ከዚያ የሆነው ሲሆን እነዚያው ሰዎች ሊያጽናኑሽ ተሰልፈው ሲመጡ አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሽ ነበር። አሁን ለእኔም ለእማዬም ያልተናገርሽው ለዚያ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ አፌን መልሼ ዘጋሁት። “መርፌውን ውጊኝና ልሂድ” አልኳት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሽ ነበር። አንድ ማህፀን ተካፍለን ስናበቃ ወሬሽን ከማሽን ልስማ? መንገድ ላይ ግን ደስታው አሸነፈኝና ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። እሱም ተጨምሮ ተወራልሽ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የሞሬኒኬ እናትም ብዙ አልቆየችም፤ መጣችና ሳትቀመጥ “የማን ነው?” አለችኝ። “ምኑ?” ብላት፣ “አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ምኑ ትይኛለሽ?” አለች። እርጉዝ አይደለሁም አልኳት። “ታዲያ መንግሥት ነው የሚዋሸው? ማሽኑ መንታም ይለያል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል እኮ!” ስትለኝ ምን ልበል? እሷም ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጥራው ሄደች።

በማግስቱ አዲጉን በሞተሩ መጣ። “እርጉዝ አይደለሁም። የተነበበው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የእኔ ምስጢር ስላልሆነ አልነግርህም” አልኩት። ራሱን አከከና “እሺ” አለ። “እሺ ብቻ?” ብለው፣ “ምን ላድርግ ታዲያ፣ ምስጢር የምትጠብቅ ሚስት አገኘሁ ብዬ በገበያ ልጩህ? ይልቅ ርቦኛል” አይለኝም! ይሄን ሰው አገባዋለሁ፣ ታይዎ። የሚያገባኝ ቀን ብቻ ነው የተቀየረው። አክስቱና ሽማግሌዎቹ “ሆዷ ይገፋ እንደሆነ እንይ” ብለው ሰርጉን ከዝናቡ በኋላ አደረጉት። መጀመሪያ አልቅሻለሁ፤ አልደብቅሽም። ኋላ ሳስበው ግን ያኔ አንቺም ተገላግለሽ፣ መንገዱም ደርቆ፣ መጥተሽ ልትጨፍሪ ነው። ከዚህ ወዲያ በምን ልከፋ?

አሁን የሚያስፈራውን ስሚ። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመና ከወንድማችን ከኢዶዉ ጋር ሆነን በእኔ ስልክ ሞከርነው። ያንቺን ስም አስገብቼ ፊቴን ባሳየው ወለል አድርጎ ከፈተልኝ! ባንክሽ፣ አባዬ ነፍሱን ይማረውና ያወረሰሽ መሬት፣ የቤታችሁ አድራሻ፣ የሐኪም ቀጠሮሽ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ከታች “ስልክ ቁጥርዎን መቀየር ይፈልጋሉ?” ይላል። ያቺን ብነካት ኖሮ ከገዛ ስምሽ ውጭ ቆመሽ በር ስታንኳኪ ትኖሪ ነበር። ኢዶዉ “ዝጊው! ዝጊው!” ብሎ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። እኔ እህትሽ ነኝ፤ ፎቶሽን ይዞ የሚመጣ ሌባ ግን ማንም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በገባ ደግሞ የሚቀረው ነገር የለም፤ ሁሉን በአንድ ቁልፍ ቆልፈውታል።

መዝገብ ቢሮ ሄጄ ለኃላፊው ብነግረው “አንድ ፊት ለአንድ ሰው ነው፤ ሲስተሙ ሌላ አይቀበልም” አለኝ። “ይቅርታ ጌታዬ፣ ፈጣሪ ሲሠራን ሲስተማችሁን አላማከረም” ብለው ወረፋ የያዙት መንታዎች ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ ጎተት አድርጋ መከረችኝ። እዚያ ካላባር ቢሮ ሄደሽ በፊት ብቻ እንዳይከፈት አስደርጊ፤ የጣት አሻራሽንና የምስጢር ቁጥር ይጨምሩበት። አሻራችን አይመሳሰልም አሉ፣ ተመስገን። ቁጥሩን ደግሞ የልደት ቀንሽን እንዳታደርጊው፤ የእኔም ነው!

እማዬን ለመጨረሻ ያስቀመጥኳት ሆን ብዬ ነው። ያ ሁሉ ወሬ ሲነፍስ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ግን ሳህኔ ላይ ሥጋው በዛ። የተወቀጠው ያም ክምር፣ የባሚያ ቅጠሉ ወጥ ሙሉ ጭልፋ ሆነ። ውሃ ልቅዳ ስል “ተይው፣ ኢዶዉ ይቀዳል” ትላለች። እሷም እርጉዝ መስያታለሁ ብዬ አንጀቴ እያረረ እበላለሁ። ትናንት ግን አዲስ የልጅ ማዘያ አጥባ፣ አጣጥፋ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። “ሾፌሩ ሲሄድ ለባለጉዳይዋ ላኪላት” አለችኝ። ለማን ብዬ ለማስመሰል ስሞክር፣ “አንቺ! እኔ ስልክ ነኝ እንዴ የማልለያችሁ?” አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

“ታዲያ ካወቅሽ ለምንድን ነው እኔን እንዲህ የምታጠግቢኝ?” ብላት፣ “እሷ እሩቅ ናት፣ እጄ አይደርስም። አንቺ ብዪላት” አለችኝ።

ስለዚህ እየበላሁልሽ ነው፣ እህቴ። እማዬ ሳመችሽ፤ እስክትናገሪ ድረስ ከአፏ እንደማይወጣ ንገሪያት ብላለች። ኢዶዉ ሰላም ብሎሻል፤ እሱ ስለ ስልኩ እንጂ ስለ ሌላው አያውቅም። አዲጉን ማን እንደሆነች ሳያውቅ “ያቺን ሰው ሰላም በያት” ብሎኛል። ኤቲምን፣ አማትሽን፣ ጎረቤቶችሽን ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። ማዘያው ከዱቄቱ ከረጢት ሥር ነው።

መንታሽ ኬሂንዴ

ኢግቦ ኦራ፣ ጁን 17 ቀን