በኮከቤ ቤት በኩል

ልጄ ፅዮን፣ የደብራችን ታቦት በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል።

የላክሻቸው ሦስት መሣሪያዎች ደርሰዋል። አንዱን በበጎቹ ጉረኖ በር ላይ፣ አንዱን እቤት አስገጠምኩ። ሌባ ጉረኖውን ሲከፍት እቤት ያለው ይጮኻል ብለሽኝ ነበር፤ ስንሞክረው ግን ጭጭ አለ። ገጣሚው፣ «ጉረኖው ራቀ፤ ሦስተኛው መሃል ላይ ሆኖ ከወዲያ እየተቀበለ ወደዚህ ያቀብል» አለኝ። መሃል ላይ ያለው ደግሞ የኮከቤ ቤት ነው። በእርሻ ድንበር ከተጣላን ወዲህ ብታነጥስ እንኳ «ይማርሽ» ብያት አላውቅም።

ሽማግሌ ልልክ አሰብኩና፣ ሌባው ሽማግሌ አይጠብቅም ብዬ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ደጅ ቆሜ ነገሩን ስነግራት፣ «መልእክትሽ በቤቴ ሲያልፍ አንቺ ደጅ ትቆሚያለሽ? ግቢ እንጂ» አለችኝ።

አሁን ደህና ይሠራል። ባትሪውን ሳትሞላ ቀርታ የእሷ ሲጠፋ የእኔም ስለሚቋረጥ፣ ምን ሆነች ብዬ ወርጄ አያታለሁ። ባለፈው ትኩሳት ይዟት ተኝታ አገኘኋት፤ አጥሚት ሠርቼላት መጣሁ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ብርዱንም ተጠንቀቂ። ከሩቅ የሚደርስ ሌላ መሣሪያ እልካለሁ ያልሽውን ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ ተዪው።

እናትሽ ጌታነሽ