በመንገዳችን መሃል ስላፈራው ሙዝ፣ ለክቡር አስተዳዳሪያችን

አፈራ! ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሙዙ አፈራ! በቤቴ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ መሃል፣ ከጉድጓዶቹ ሁሉ በትልቁ ውስጥ የተከልነው ሙዝ አንድ ሰው ብቻውን የማይሸከመው ዘለላ አንጠልጥሏል፤ እኔም ይህን ሳይ ከሁሉ በፊት ለእርስዎ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ሰላምታውን እንኳ ሳላስቀድም ጀመርኩ።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። ለክቡር የአውራጃችን አስተዳዳሪ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በባለቤትዎና በልጆችዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? መኪናዎ በእኛ በኩል አልፎ ስለማያውቅ ወገብዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ቢሆንም መጠየቅ ደንብ ነው። እኔ የከዱንግፐሪ መንደር ነዋሪ፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምሸጠው ዋርሲየም ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ ሰሌዳ አንብቤ እረዳለሁ፤ ለእርስዎ ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ማንበቤ ነው። ከዚህ በታች ምስጋናዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥሩ ቢዘበራረቅብኝ ደስታው አፌን ስለፈታው ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው እናመሰግናለን። የዛሬ ዓመት ግድም በመንደራችን መግቢያ ላይ «የመንገድ ጥገና ፕሮጀክት፣ የሥራ ጊዜ ዘጠና ቀን» የሚል ሰሌዳ ቆመልን። ከሥሩ የገንዘቡ ልክ ተጽፏል፤ ዜሮዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ጎረቤቴ ፓክ ካርሶኖ የስልክ ቁጥር መስሎት ሊደውል ነበር። ሰሌዳው ግሩም ሥራ ነው። እግሩ በሲሚንቶ የተተከለ፣ ዝናብ የማይፍቀው፣ ንፋስ የማያነቃንቀው ነው፤ ሠራተኞቹ በዚያው እጃቸው ወደ መንገዱ ዞር ቢሉ ኖሮ የልጅ ልጆቻችን ይመርቋቸው ነበር። ግን ሲሚንቶው ለሰሌዳው ካለቀ በኋላ አልተመለሱም።

በዚሁ ሰሌዳ ሥር ባለፈው የዝናብ ወቅት የሆነውን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ታርሚ የምትባል የመንደራችን ልጅ ምጥ ይዟት በሩዝ ጋሪ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ እዚያው ጭቃው ላይ፣ እኛ በላስቲክ ከልለናት፣ ሰሌዳው ሥር ወለደች። ልጁ ደህና ነው፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ መንደሩም «ፕሮጀክት» እያለ ይጠራዋል፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሌዳ ሥር ተጀምሮ የተጠናቀቀ ሥራ እሱ ብቻ ነው። እናቱ ግን ብዙ ደም ስለፈሰሳት እስከ ዛሬ አንድ ባልዲ ውኃ አንስታ መሄድ አትችልም። ይህን በምስጋና ቋንቋ እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅሁ እንዳለ ጻፍኩት።

ሁለተኛ፣ ስለ ረጆዋንጊ አስፋልት እናመሰግናለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ቀንቻለሁ። ሴት ልጅ በሌላ ሴት ወርቅ ትቀናለች ይላሉ፤ እኔ ግን የምቀናው በአስፋልት ነው። ረጆዋንጊ ጎረቤታችን ናት፤ የባሌ እህት ሱርቲናህ እዚያ ነው የምትኖረው። አምና የዚያ መንደር ሹም ልጁን ሲድር እርስዎ በክብር እንግድነት ተጠሩ፤ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀርዎት መንገድ ሠሪዎች ደርሰው፣ ቀንና ሌሊት ሠርተው፣ መንገዱን እንደ መስተዋት አደረጉት። አስፋልቱ ከሰርጉ ድንኳን ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ቆመ። መኪናዎ መዞሪያ እንዲያገኝ መሆኑን ሁላችንም ተረድተናል። ከዚያ ጫፍ እስከ እኔ ደጃፍ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ አንዴ በንዴት፣ ሁለቴ በእርጋታ።

ሱርቲናህ አሁን ሩዟን የምታሰጣው አስፋልቱ ላይ ነው። አንድም ጠጠር ሳይገባበት በግማሽ ቀን ይደርቅላታል፤ እኔ የራሴን ሩዝ ምንጣፍ ላይ አስጥቼ ጠጠር ስለቅም እውላለሁ። እሷ እንቁላል በሞተር ብስክሌት ጭና ገበያ ደርሳ አንዱም አይሰነጠቅባትም፤ እኔ ለስላሳውን ቶፉዬን ይዤ ስደርስ ግማሹ ፍርፍር ሆኖ ደንበኞቼ በማንኪያ ካልሰፈርሽልን ይሉኛል። ይባስ ብላ ባገኘችኝ ቁጥር ጫማዬን ዝቅ ብላ እያየች መንደራችሁ ዘነበ እንዴ ትለኛለች፤ በደረቁ ወቅት ማለቴ ነው። ክቡር ሆይ፣ የቀናሁት እኔ ነኝ፣ ቅናቱን ያነጠፉልኝ ግን እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናውም ለእርስዎ ይገባል።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ወንበርዎን ጠጋ ያድርጉ። መንገድ ተበላሽቶ ሰሚ ሲጠፋ ጉድጓዱ ውስጥ ሙዝ መትከል የእኛ ሰው የቆየ አቤቱታ መሆኑን ያውቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሙዙ ሦስት ቅጠል ሳያወጣ የሚያፍር ሰው ይገኝና መጥቶ ይነቅለዋል፣ ጉድጓዱንም ይደፍናል። እኛም ዘጠናው ቀን ሲያልፍ አሥራ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አሥራ አንድ ሙዝ ተከልን። ከሁለት ወር በኋላ የደንብ ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች የመለኪያ ሜትር ይዘው መጡ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ጉድጓዱን ሊለኩ መስሎን ነበር፤ እነሱ ግን የለኩት የሙዙን ቁመት ነው። ይህም ሳይገርመን ሻይ አፈላን፣ ቶፉ ጠበስን፣ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው።

አለቃቸው ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨርሶ ወደ ፓክ ካርሶኖ ዞረና፣ «አባባ፣ በተሠራው ሥራ ደስተኛ ናችሁ?» አለ። ፓክ ካርሶኖ ሰባ ዓመቱ ነው፤ በሰባ ዓመቱ ሻዩን እየጠጣ ያለን እንግዳ «አይደለም» ብሎ አሳፍሮ አያውቅም፤ እንደዚያ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ውሻ ከመልቀቅ አይለይም። ስለዚህ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አዎን ጌታዬ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ አላህ ይስጥልን» አለ። እኛም ተከትለን አዎን አልን። እኔም አልኩ፤ ማንም ላይ አላላክክም። ከዚያ ፎቶ እንነሣ ተባለ፤ በየሙዙ ሥር ቆመን ተነሣን፤ ቶፉው የት ነው የሚሸጠው ብለው ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኝ በጣም ሣቅሁ። ሲወጡ አንድ ወረቀት አስፈረሙን።

ሰሞኑን ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈው ሥራ ልጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ብቅ ብዬ ነበር፤ የሕዝብ ገንዘብ የት እንደደረሰ መጠየቅ መብቴ መሆኑን ከትምህርት ቤት አልረሳሁትም። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ፣ አላህ ያክብራት፣ ፋይሉን አውጥታ አሳየችኝ። የመንገዱ ጥገና «ከመንገድ ዳር የአረንጓዴ ልማት ጋር መቶ በመቶ ተጠናቋል» ይላል። ከሥሩ የእኛ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር «ነዋሪዎች ደስታቸውን ሲገልጹ»። አሥራ አንዱ ሙዝ በቁመት በቁመቱ ተመዝግቧል። እኔ ይህ ስህተት ነው፣ መንገዱ አልተነካም፣ ሙዙን የተከልነውም ለአቤቱታ ነው ብዬ ብለምናት ልጅቷ በሐዘኔታ አየችኝና፣ «እማማ፣ ፊርማችሁ አለ፣ ፎቶአችሁ አለ፤ እርስዎማ ጥርስዎ ሁሉ ይታያል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በፎቶው ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥርስ የእኔ ነው። ክቡር ሆይ፣ አቤቱታን ወደ ልማት፣ ጨዋነትን ወደ ማስረጃ ስለሚለውጡ ብልህ ሠራተኞችዎ እናመሰግናለን፤ ሙዛችንን ስላልነቀሉልንም ጭምር፣ ቢያፍሩና ቢነቅሉት ኖሮ አያፈራም ነበርና።

አራተኛው የልጄ ጉዳይ ነው፤ እስካሁን ያወራሁትም ወደዚህ ለመድረስ ነው። ልጄ ሪስታንቲ በስድስት ዓመት ትዳሯ አልፀነሰችም ነበር፤ ያልሄድንበት ሐኪም፣ ያላስደረግነው ዱዓ የለም። አሁን ፀንሳለች፣ ስድስተኛ ወሯን ጨርሳለች። ቀኗ የሚገባው ዝናቡ በሚከፋበት ወር ነው። አዋላጇ የምትኖረው ረጆዋንጊ ሲሆን መኪናዋ አስፋልቱ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፤ በታርሚ የሆነውን በዓይኗ ስላየች ሪስታንቲ ዝናቡ ሳይጀምር ወደዚያ ማዶ ትምጣ፣ አለበለዚያ ኃላፊነት አልወስድም ብላለች። ተሳስታለች አልልም።

ይህን የሰማችው ሱርቲናህ ክፍል አጸዳች፣ የትንኝ አጎበር ገዛች፣ ግድግዳ በአረንጓዴ ቀለም ቀባች። ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ፣ አንቺ አትጨነቂ፤ ልጁ እኔ ቤት ይወለዳል፣ እኔ ነኝ የማጥበው፣ አንቺ ጭቃው ሲደርቅ መጥተሽ ታዪዋለሽ» አለችኝ። በክፋት አልተናገረችም፤ የገደለኝም ይኸው ነው። ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን የልጅ ልጅ የመጀመሪያ ልቅሶ የምትሰማው ሱርቲናህ ልትሆን ነው፤ ያውም በስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ በልጣኝ። እኔ ልጄን በወለድኩበት ቤት ውስጥ፣ እኔን ራሴን እናቴ የወለደችበት አልጋ አጠገብ ነበር አያት እሆናለሁ ብዬ ያሰብኩት።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በወጋችን የመጀመሪያ እርግዝና ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ነፍሰ ጡሯ ከሰባት ጉድጓድ በተቀዳ ውኃ ታጥባ ድግስ ይደገሳል። ከሰባት ጉድጓድ ውኃ መቅዳት ለሌላው መንደር ድካም ነው፤ እኛ ግን በእርስዎ ደግነት ጉድጓድ አልቸገረንም። ድግሱን በመንገዱ መሃል፣ ባፈራው ሙዝ ሥር ለማድረግ ተስማምተናል። የጥሪ ወረቀቱን አሳትመናል፤ የክብር እንግዳ በሚለው ቦታ የሰፈረው የእርስዎ ስም ነው። አንዱን ለየመንደሩ ሹም፣ አንዱን ለመስጊዱ፣ አንዱን ለጋዜጣው ልከናል፤ በድግሱ እንደ ተራራ ከሚከመረው ሩዝ ጫፉ ተቆርጦ የሚቀርበውም ለእርስዎ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለሰርጉ አስፋልት አራት ቀን በቅቷል። እኛ ሦስት ሳምንት ሰጥተንዎታል፤ ወገብዎን ስለምናስብ ነው።

የመንገዱን ሥራ በፎቶ እንኳ ቢሆን መቶ በመቶ ስላጠናቀቁልን ዘወትር የምታመሰግንዎ፣ በመዝገብዎ ውስጥ በጥርሷ የምትታወቀው፣ የአሥራ አንድ ሙዝ ባለአደራ፣ የ«ፕሮጀክት» ጎረቤት፣ አላህ ቢፈቅድና እርስዎ ቢያነጥፉ በገዛ ቤቷ አያት ለመሆን የምትመኝ፣ ታዛዥዎ

ዋርሲየም፣ ከከዱንግፐሪ መንደር፣ አስፋልቱ ካለቀበት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ

ማስታወሻ፦ ሠራተኞችዎ በዕለቱ ወረቀትና ካሜራ ይዘው መምጣታቸውን አንጠላም፤ ሻይም ቶፉም ይጠብቃቸዋል። ደስተኛ ናችሁ ወይ ብለው ከጠየቁ ግን የሚመልሰው እንደ ወጉ ፓክ ካርሶኖ ስለሆነ፣ እሱም ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮው ውስጥ በርግቦቹ ጎጆ ፊት ቆሞ፣ አንገቱን ሳይሰብር፣ «አይደለም» ማለትን ሲለማመድ ሰንብቷል። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣለትም ነበር፤ ትናንት ግን እስከ እኔ ቤት ድረስ ጥርት ብሎ ተሰምቷል። ስለዚህ የከዱንግፐሪም የረጆዋንጊም ሰው፣ አዋላጇም፣ የመዝገብ ቤቷም ልጅ፣ አንቺም ሱርቲናህ አጎበርሽን ይዘሽ፣ ክቡርነትዎም በመኪናም ሆነ በእግር፣ አንዳችሁም ሳትቀሩ ኑ፤ ሙዙ የሚቆረጠውና ልጄ የምትታጠበው የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ በእኛ የአምስት ቀን አቆጣጠር ፖን በሚባለው ቀን የሚውለው እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው።