የቅቤው ፕሬዚዳንት

ሜይ 16
ዝናብ። ባሌ ሃርላን የላሞቹን በር ሲጠግን ዋለ፤ እኔ ድንች ሳርም። ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። የጋዜጣው የሕዝብ አስተያየት ሰዎች... በየሦስት ወሩ ለእነዚያው ቤቶች ነው የሚደውሉት፣ አንዱ እኛ ነን። ጉንፋን የያዛት ሴት ነች። “ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን የሚያከናውኑበትን መንገድ...” ብላ ሳትጨርስ “እደግፋለሁ!” አልኳት።
“እስከ መጨረሻው ማንበብ አለብኝ፣ ወይዘሮ ረስታድ።”
“አንብቢ። መልሱ ያው ነው።”
ሳቀች። አስነጠሳት።
ልጄ ዱዌን ቬትናም ነው። ሌላ ምን ልላት ኖሯል?

ጁን 3
የትርዒቱ ኮሚቴ ስብሰባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ለወረዳችን የእርሻ ትርዒት የቅቤ ሐውልት የምሠራው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ። አምና ፕሬዚዳንቱን ከደረት በላይ ሠርቻቸው ሰው እስከ በጎቹ በረት ድረስ ተሰልፎ ነው ያያቸው። ዘንድሮም ያው ነው ብዬ ሄድኩ። ሰብሳቢያችን ኦርቪል፣ ዘር ነጋዴው፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።
“አልማ፣ ዘንድሮ ላም ብታደርጊልንስ?”
“ላም? ውጭ ሦስት መቶ ላም ቆሞ?”
“ላም የሚጠላ ሰው የለማ።”
አምና ከፕሬዚዳንቱ ጎን ፎቶ ለመነሳት ሴቶቹን በክርኑ የገፋው እሱ! አሁን ላም!
ደሜ ፈላ። “ልጄ እዚያ ነው” አልኩ። “ልጆቹ በሙሉ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ናቸው። እኛ እዚህ ኬክ እየበላን ልንከዳቸው ነው?” ቬርና ቤከን ቀና ብላ አየችኝ። የእሷ ልጅ ለሮይ በማርች ነው የሞተው፣ እዚያው። እጇን አወጣች። “ፕሬዚዳንቱ ይሁኑ” አለች። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ እምቢ ይላል?
ዱዌን እንዲያ ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል? በቃል አላለም። ግን እናት የልጇን ልብ አታውቅም?

ጁን 20
ጋዜጣው ውጤቱን አወጣ። የሚደግፏቸው ከግማሽ በታች ወርደዋል። ሰው ምን ነካው? በምርጫው ጊዜ መኪናው ላይ ስማቸውን ያልለጠፈ አልነበረም። አሁን ተፍቆ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ፀጉር ቤት አንዷ “እኔ ድሮም ሰውየው አልተዋጠልኝም” ስትል ሰማሁ። ድሮም! ያሸነፉ ዕለት ሰፈሩን እየዞረች ሰው እቅፍ ስታደርግ የነበረችው ማን ነበረች? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል...

ጁላይ 2
ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ተናገሩ። እያሸነፍን ነው አሉ። ሃርላን መሐል ላይ ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ።
“አልጨረሱም እኮ።”
“ላሞቹ አይጠብቁም።”
አምና ላሞቹ ጠብቀው ነበር።

ጁላይ 9
ጀመርኩ። የወተት ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ። ቅቤው ያው የዱሮው ነው። ትርዒቱ ሲያልቅ ተፍቆ በርሜል ይገባል፣ በዓመቱ ይወጣል። አይበላ፣ ሸትቷል። የሽቦውን አጽም አቁሜ አገጩን አለበስኩት። ከጋዜጣ የቆረጥኩትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አርጅተዋል... ከዓይናቸው ሥር ላለው ከረጢት ብቻ ከአምናው እጥፍ ቅቤ ፈጀ። አሳዘኑኝ። ሁሉም ሲሸሻቸው እንዴት አያረጁ?

ጁላይ 14
ደብዳቤ መጣ። ከዱዌን። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

ጁላይ 15
ሌሊቱን አልተኛሁ። እንዲህ ነው የሚለው፦ “እማዬ፣ አምና የላክሽውን የቅቤ ሰውዬ ፎቶ ድንኳናችን ውስጥ ሰቅዬው ነበር። አወረድኩት። ልጆቹ ፊቱን ማየት አይፈልጉም፣ እኔም እንደዚያው። እዚህ ለምን እንዳለን የሚነግረን ጠፋ። እሱ ግን እያሸነፍን ነው ይላል አሉ። ማን ነግሮት ይሆን? ዘንድሮ ላም ሥሪ። የኛዋን ዶቲን፣ ጆሮዋ የተቀደደውን። ፎቶዋን ላኪልኝ።”
ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። በዱዌን? ማን ይህን አስተማረው? ደክሞት ነው። ሙቀቱ ነው። ወጣት ሲደክመው ይነጫነጫል...
ለሃርላን አላሳየሁትም። መሐረብ አልብሼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ጁላይ 26
ኦርቪል ማቀዝቀዣ ክፍሉ ድረስ መጣ። ሐውልቱን ዞረው።
“ፊቱን ትንሽ ዞር ብታደርጊውስ? ወደ ግድግዳው?”
“ማጅራታቸውን ላሳይልህ?”
“ቲማቲም ይዘን እንመጣለን ያሉ አሉ፣ አልማ።”
“ትርዒቱ ላይ የሚቆሙት በመስታወት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።”
“እኔም የማስበው ለመስታወቱ ነው!” እጁን እያፋተገ ቆየ። ከዚያ፣ “ዱዌንስ? አሁንም ያንኑ ነው የሚለው?”
“ያንኑ ነው” አልኩት።
ዓይኑን እያየሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ሆኖ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ውሸት ሲወጣኝ እንኳ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ኦገስት 10
ትርዒቱ ተከፈተ። ሰልፍ የለም። ሰው መስታወቱን አየት አድርጎ ያልፋል፣ መንገድ ላይ ያበደረውን እንዳየ ባለዕዳ። አንድ አባት ልጁን ጎትቶ “ና፣ አሳማዎቹን እንይ” አለ። ቲማቲም የወረወረ የለም። ቢወረውሩ ይሻለኝ ነበር! ቢያንስ እጮህባቸዋለሁ።
አሥር ሰዓት ላይ ቬርና መጣች። ብቻዋን። ብዙ ቆመች።
“ለሮይ ሦስት ደብዳቤ ነው የጻፈልኝ” አለች። “ስለ ዝናብና ስለ ካልሲ። ምን ያስብ እንደነበር አላውቅም። አንቺ ልጆቹ ከእሳቸው ጋር ናቸው ስትዪ... እንግዲያው ልጄ የሚያምንበት ነገር ነበረው ብዬ ተጽናናሁ። እስኪ ዱዌን ያለውን ንገሪኝ። ቃል በቃል።”
መዋሸት እችል ነበር። ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ሦስተኛው ምን ይከብዳል? እጄ ግን ኪሴ ገባ። ሰጠኋት።
መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ደግማ አነበበች። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።
“ይህ መቼ መጣ?”
“የዛሬ ወር ገደማ።”
“እኔ እጄን ያወጣሁት ከዚያ በፊት ነው። ያኔ ምን ደብዳቤ ይዘሽ ነበር?”
“ምንም።”
በያዘው እጥፋት አጥፋ መለሰችልኝ። ደህና ዋይም አላለችኝ፣ ሄደች። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ኦገስት 11
በሩ ሳይከፈት ገባሁ። ከጆሮው ጀመርኩ። ለሦስት ቀን የለፋሁባቸው ጆሮዎች፣ በሁለት ደቂቃ። ከዚያ ከረጢቶቹ። ከዚያ አገጩ። ሰውየው ወደ በርሜሉ ተመለሰ።
ኦርቪል እየሮጠ መጣ። “ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እየገባ ነው እኮ!”
“ላም አላልክም?”
“ያልኩት በጁን!”
ሽቦውን በጉልበቴ አጥፌ ወገብ አደረግሁት። ሰው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፤ ከአምና ወዲህ እንዲህ ያለ ሰልፍ አላየሁም። እየተናደድኩ ሠራሁ። ኦርቪል አሸነፈ መባሉ ራሱ ያበሽቃል። ግን የሱ ላም አይደለችም።
እኩለ ቀን ላይ በሩ ተከፈተ። ቬርና። ካፖርቷን ቆልፋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ በርሜሉ ላይ አጎነበሰች። ቅቤ ማሸት ጀመረች።
“ይቅር ብዬሽ አይደለም” አለች ቀና ሳትል። “ለዱዌን ነው።”
“አውቃለሁ።”
ያሸችውን ስታቀብለኝ፣ “የተቀደደው የትኛው ጆሮዋ ነው?”
“የግራው።”

ኦገስት 17
ስልክ ጮኸ። ያችው ሴት። ጉንፋኑ ለቋታል።
“ወይዘሮ ረስታድ፣ እንግዲህ መልስዎን አውቀዋለሁ...”
“ጥያቄውን አንብቢልኝ። እስከ መጨረሻው።”
አነበበች። ረጅም ነው ለካ። አምና ካቻምና ስመልስ አንድም ቀን ጨርሼ አልሰማሁትም።
“አልደግፍም” አልኩ።
ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። “በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?”
“ልጄ እዚያ ያለው በመጠኑ ነው እንዴ?”
“በጣም የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ” አለች፣ ቀስ ብላ።
ስዞር ሃርላን በሩ ላይ ቆሟል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ሰምቷል። ከኪሴ ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁት፣ የወር ዕዳዬን። ቆሞ አነበበው። ላሞቹን አላነሳም።
የዶቲን ፎቶ ነገ ለዱዌን እልካለሁ። ጆሮዋ በደንብ ይታያል።